ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ቀሚስ

ሰኞ

አንድ ቀን ብቻ? አንድ ቀንማ ማንን ያቅተዋል። ወርም እችላለሁ። "አንድ ቀን እኔን ሁነህ ዋልና ከዚያ ስለ ልጅ ታወራኛለህ" ብላኝ ወጣች እኮ ስመኝ፣ ሚስቴ። የሱቋን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ አንጠለጠለች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ የጅጋ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ላድርስሽ ብላት ዞር ብላ አላየችኝም። እኔን። በፍኖተ ሰላም ከኔ የሚቀድም ባጃጅ ነጂ እንደሌለ ትራፊኩ ራሱ ያውቃል።

ለማን ላውራው። ጓደኞቼ ጋ እንዳልሄድ አፌን ከፍቼባቸዋለሁ፣ "የኔ ሚስት ያልኳትን ትሰማለች" ብዬ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ግን ቤቱ ጭር አለብኝ፣ እጄ የሚይዘው ነገር ፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፈው ሐሙስ ስመኝ ዛላ በርበሬ ልትገዛ ቡሬ ሄደች። እኔ ቤዛን ይዤ ከጅጋ ወረድ ብሎ ገጠር እናቴ ጋ አደረስኳት። ቤዛ ልጃችን ናት፣ ዓመት አልፏታል፣ ጡት አልጣለችም። እኛ አገር ልጅ ጡት የምትጥለው አያቷ ጋ ከርማ ነው፣ እኔም እንደዚያው ነው የጣልኩ። አዲስ ነገር አላመጣሁም። ልጅቷ ደሞ ታስላለች። እናቷ ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ ሽሮ ስትነፋ ትውላለች። የሰርግ ወር ነው፣ የቡሬዋ ባለ ምግብ ቤትም ትእዛዝ ሰጥታለች። ስለዚህ እኔ መላ መታሁ።

ማታ ስትመጣ "በቃ ገላገልኩሽ፣ አሁን እንደልብሽ ስሪ" አልኳት። ትመርቀኛለች ብዬ ነበር እኮ። አልጋውን አየች። እኔን አየች። ልጅቱን የምታዝልበትን አንቀልባ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

አርብ ሰራች። ቅዳሜም ሰራች። ጡቷ ተወጥሮ ቀሚሷ ከፊት ለፊቱ ይርሳል፣ ትለውጠዋለች፣ ደግሞ ይርሳል። "ያልፋል" አልኳት። ዛሬ ቁልፉን ሰቀለች።

ነገ ሱቁን እኔው እከፍተዋለሁ። ታያለች።

ማክሰኞ

በጠዋት ከፈትኩ። ባጃጇን ለአንተነህ ሰጠሁት፣ ጓደኛዬ ነው። "ወይዘሮ ሁነሃል አሉ" አለኝ እየሳቀ።

"ቁጭ ብሎ መሸጥ ምን ስራ ነው። አንተ መንገዱን እይ" አልኩት።

ቁጭም አላልኩ። ዛሬ የሰራሁት፣ ዛላ መቀንጠስ፣ የተሰጣውን ማገላበጥ፣ ሽሮ መመዘን፣ ዝንጅብል መላጥ፣ ማስነጠስ። ማስነጠሱ ከሁሉም ይበዛል። ከዚያ ሳላስበው ዓይኔን በእጄ ነካሁት። አለቀልኝ። ውሃ፣ ውሃ እያልኩ ሳፋ ስፈልግ ጎረቤታችን እትየ አገር ደረሱ። ከኛ አጠገብ ሽንኩርት ነው የሚሸጡት።

"በሱ አይደለም፣ በሱ አይደለም፣ ተወው" አሉና ሳፋውን ከእጄ ነጠቁኝ። "ቀዩ የበርበሬ ነው። በሰማያዊው ታጠብ፣ የልጅቱ ነው።"

"ሳፋ ሳፋ አይደል እንዴ እትየ።"

"ለአንተ። ሚስትህ ልጅቱ ባለቀሰች ቁጥር እጇን በሎሚና በሳሙና ታሽታለች፣ ቀሚሷን ለውጣ ነው የምታጠባት። ከበሩ ኋላ ያ ቀሚስ የተሰቀለው ለማን መሰለህ?"

ቀሚሱን አውቀዋለሁ፣ ጽጌረዳ ያለበት ነጭ ነው። ባለፈው ወር በሱ ተጣልተናል። "ገበያተኛ ፊት ቀኑን ሙሉ ቀሚስ የምትለዋውጪው ለማን ነው?" ብያታለሁ። "ለልጅህ" አለችኝ። ስታሾፍብኝ መስሎኝ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ሳሙና ታበዣለሽ ብዬም ተናግሬያለሁ።

እትየ አገር ሲሄዱ ቀሚሱን ከሚስማሩ አንስቼ አሸተትኩት። በርበሬ የለውም። ወተት ወተት ይላል። መልሼ ሰቀልኩት።

ረቡዕ

የረቡዕ ጾም ስለሆነ ሰው እየተሻማ ሽሮው አለቀ። ይሄን ማን ሰራ? እኔ። ይጻፍልኝ።

የበርበሬው ግን ጉድ ነው። የቡሬዋ ትእዛዝ እንዳይዘገይ ብዬ ዛላውን ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጨሁና በሚኒባስ ላክሁላት። ከሰዓት ደወለች።

"ወንድሜ፣ የላክህልኝ ምንድን ነው? ቀይ አፈር ነው?"

"በርበሬ ነው እንጂ። ራሴ ነኝ ያስፈጨሁት።"

"እሱማ ያስታውቃል። ነጭ ሽንኩርቱ የለ፣ ኮረሪማው የለ፣ በሶብላው የለ። ስመኝ የት ሄዳ ነው?"

"ገጠር። ትንሽ ልታርፍ ፈልጋ ነው።" ውሸት እንዴት እንደሚቀለኝ።

"በል እንግዲህ እሷ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። አንተ አትላክ።" ዘጋችው።

ቅመሙ ለካ መደርደሪያው ላይ ተወቅጦ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁሜ ነው ሳልጨምር የወጣሁት። እሷ ስትደባልቅ ሺ ጊዜ አይቻለሁ። አይቻለሁ እንጂ አላየሁም።

ማታ አካባቢ ከሱቁ ጓዳ በኩል ቤዛ የምትተኛባት ቦታ ላይ ጋደም አልኩ። ስመኝ ማዳበሪያ ከረጢት እንደ መጋረጃ ሰቅላ በውሃ ታርሰዋለች፣ ይሄንንም ስቄበት ነበር። ከኋላ መስኮት አለ። ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ በፊት በር ነው የሚወጣው፣ ብናኙን ወደ መንገድ ይዞት ይሄዳል። እዚያ ተኝቼ አንዴም አላስነጠስኩም።

ታዲያ ልጅቷ በምን ታስል ነበር?

ሐሙስ

ገጠር ሄጄ መጣሁ። መጻፍ አላሰኘኝም ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ከጅጋ ወረድ ብሎ በእግር ነው። እናቴ ቤት ስደርስ ስመኝ ውሃ ቀድታ ገባች፣ እንስራዋን አወረደች፣ ሰላም አለችኝ እንደ እንግዳ። ቤዛ እናቴ ጀርባ ላይ ናት። እጄን ዘረጋሁላት። አየችኝና ፊቷን እናቴ ትከሻ ላይ ደበቀች። ከዚያ እናቴን "እማ" አለቻት።

ስመኝ ሰማች። እንስራውን መክደን ቀጠለች።

እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ቤዛን ያደረስኩ ቀን እናቴ "እናቷ ታውቃለች?" ብላ ጠይቃኛለች። "ራሷ ናት አድርስልኝ ያለችኝ" አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ስመኝ ሳታውቅ ብላት አትቀበለኝም፣ አውቃታለሁ።

አሁን እናቴ በስመኝ ላይ ተቆጥታለች። "ላክሽ፣ ሳምንት ሳይሞላ መጣሽ። ልጅቱ ሌሊቱን ሁሉ አልቅሳ ገና መርሳት ስትጀምር ጡትሽን ካየች ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ። ልጅ መጫወቻ ናት?" ትላታለች። ስመኝ ምን ትመልሳለች? "እሽ እማየ፣ እርስዎ እንዳሉ።" ማታ ማታ ቤዛ ስታለቅስ እሷ ውጭ ወጥታ ግርግዳ ተደግፋ ትቆማለች አሉ። ገብታ እንዳታነሳት። ይሄን የነገረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት እንጂ እሷ አይደለችም።

ስወጣ ስመኝ እስከ በረቱ ሸኘችኝ። "ልጅቱን እኔ አላክኋትም ብዬ ለእናትህ ብናገር ልጃቸውን ውሸታም አልኩ ማለት ነው" አለችኝ። "አልልም። አንተ ንገራቸው።"

"እነግራታለሁ። ምን ከባድ ነገር አለው" አልኳት።

ተመለስኩ። እናቴ ከጎረቤቶች ጋር ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። "ልጄ እንዲህ ነው፣ ለሚስቱ አዝኖ ሱቅ ይጠብቃል" አለቻቸው። ሁሉም አዩኝ። አንዱ አዛውንት "ይባርክህ" አሉ። እኔም ስለ ሱቁ አወራሁ። በአንድ ቀን ሽሮ ጨረስኩ ብዬ አወራሁ። ሳቁልኝ። ሳልናገር ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሁለቴ ቁሜ ልመለስ አልኩ። አልተመለስኩም።

አርብ

አንተነህ ባጃጇን ሲመልስ "ይቺ መኪናህ ምን አለባት?" አለኝ።

"ምን አላት?"

"ከኋላ የተጫነ ሁሉ ያስላል። ዛሬ አንዲት አራስ ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ስሄድ ልጇ ሊታፈን። አውርደኝ አለችኝ፣ በእግሯ ሄደች።"

የኋላውን ወንበር ነቀልኩት። ስሩ ቀይ ነው። ስፖንጁ ውስጥ፣ በየስፌቱ፣ በየጥጉ። የስመኝን የበርበሬ ጆንያ ከመናኸሪያ የማመላልሰው በሷ ነው፣ ላግዝሽ ብዬ። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤዛን እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጬ ከተማውን አዞራታለሁ፣ የማን ልጅ ናት እንዲሉኝ። ጆንያውን የምሸከምባትን የበርበሬ ጃኬቴን እንደለበስኩ አቅፌ እስማታለሁ። ማታ ስታስል "ይሄው ስራሽ" እላታለሁ ስመኝን። ስንት ቀን እንዳልኳት።

እናቴ ጋ የወሰድኳትም በዚችው ባጃጅ ነው። እስከ ጅጋ እያሳለች ሄደች። እኔ ሹፌሩ "አይዞሽ፣ አሁን ንጹህ አየር ትደርሻለሽ" እላታለሁ።

ወንዝ ዳር ወስጄ አጠብኳት። ሳሙና ጨረስኩ። ውሃው ቀይ ሁኖ ይወርዳል፣ አሁንም ቀይ ነው። አንተነህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። "ምን ሁነሃል አንተ ሰውየ፣ ታለቅሳለህ እንዴ?"

"በርበሬው ነው" አልኩት። እውነትም በርበሬም ነበረበት።

ቅዳሜ

የገበያ ቀን ነው። ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም "ስመኝ የለችም?" ይላል። ሁለቱ እኔን ሲያዩ ሳይገዙ ዞሩ። ድሮ ቢሆን እሰድባቸው ነበር።

ከሰዓት ዘጋሁና የእናቴ ጎረቤት አያ ፈንቴ ጋ ደወልኩ፣ እናቴ የራሷ ስልክ የላትም። እናቴን ጥሩልኝ አልኳቸው። እስክትመጣ የዶሮ ድምፅ እሰማለሁ።

"ምነው፣ ታመምክ?" አለችኝ።

"አልታመምኩም። እማየ፣ ስመኝ ቤዛን አላከችም። እኔ ነኝ። ቡሬ ስትሄድ ጠብቄ፣ ሳልነግራት።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አለሽ?" አልኳት።

"አለሁ።" አለች። "ይችን ልጅ ስንት ሌሊት አስለቀስኳት። እናቷ ውጭ ቁማ እየሰማች፣ እኔ አትግቢ እያልኳት። እሷም እሽ እያለችኝ።"

"ሳሉንም እኔ ነኝ ያመጣሁት። ባጃጇ ነው።"

"የባጃጁን ተወው። እኔን ምን አስደረግኸኝ? ነው የምልህ።"

ምላሴ ከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚሮጥ የሚያውቅ ሰው ቢያየኝ አያምንም።

"ቤዛን ለእናቷ ስጫት" አልኳት።

"አንተ አትዘዘኝ። ለማን መስጠት እንዳለብኝ አውቃለሁ" አለችና ስልኩን ለአያ ፈንቴ መለሰች። ስትሄድ "ስመኝ፣ ነይ እስቲ ልጄ" ስትል ከሩቁ ሰማሁ። ከዚያ ሂሳቤ አልቆ ተቋረጠ።

እሁድ

ከቤተክርስቲያን መልስ የትም አልሄድኩም። እሁድ ከተማ ሳላዞር ስውል የመጀመሪያዬ ነው። አንተነህ በሩ ላይ ጡሩንባ ነፋ፣ አልወጣሁም።

የሰራሁት። የበርበሬ ጃኬቴን ሱቅ ሰቀልኩት፣ ቤት አይገባም። ከረጢቱን በውሃ አረስኩት። ሰማያዊውን ሳፋ ፈግፍጌ አጥቤ ደፋሁት። አንድ ሸሚዝ አጥቤ ከበሩ ኋላ ሰቀልኩ፣ ከነጩ ቀሚስ ጎን። ቅመሙን አልነካሁም።

ለስመኝ ሦስቴ ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሳም። ጡት ሰጥታት እንደሁ፣ ቤዛ ረስታ እምቢ ብላት እንደሁ፣ አላውቅም። ጡቱን እምቢ ብትላትስ? እሱን በምን አጥበዋለሁ።

እናቴ መልሳ አልደወለችም።

በስልክ ልጽፍላት ነው። እዚህ ልሞክረው መጀመሪያ፣ እዚያ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ስመኝ። ለእናቴ ነገርኳት፣ ሁሉንም። ሳሉ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ባጃጅ ነው። ስለ ቀሚሱም ገብቶኛል፣ ያኔ ያልኩሽን ርሽው አልልሽም። ሱቁ የሚጠብቀው አንቺን ነው፣ የቡሬዋም እንደዚያው ብላለች። ቤዛን ይዘሽ ነይ አልልሽም፣ ጡት ትጠባ ትጣል አንቺ ታውቂያለሽ። ነገ በጠዋት በሚኒባስ ልመጣ ነው፣ በባጃጅ አይደለም፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ። ልምጣ ወይስ አልምጣ? እየጠበቅኩ ነው፣ አሁኑኑ መልሽልኝ።