ሊንዚ እጁን አውጥቶ ነበር

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የጠዋት ሽያጭ፦ አራት የፒካፕ ጎማ፣ ሁለት የተሳቢ ጎማ፣ ሦስት የተነፈሰ ጎማ ጥገና። አንድ ገበሬ አልቆ ክሩ የወጣ ጎማ አሳይቶኝ «ክረምቱን ያወጣል፣ አይደል?» አለኝ። አያወጣም አልኩት። ቅር ብሎት ሄደ። ሰኞ ይመጣል... ወይ ራሱ፣ ወይ ጎትተውት።

ከሰዓት ሱቁን ዘግተን የራሴን መኪና አዘጋጀሁ። የፍሬን ሸራ ቀየርኩ፣ ዘይት አየሁ፣ ከወንበሮቹ ሥር የረስን የብስኩት ወረቀት ለቀምኩ። ባል አገባሁ ብዬ አይጥ ነው ያገባሁት። ውድድር ሜዳ ላይ ልቅ የሆነ ነገር ሁሉ ፍሬን ሥር ይገባል።

ነገ የመኪና ክለባችን የመንዳት ቀን ነው። በገዛ መኪና፣ በገዛ ነዳጅ ክብ ዞሮ የተነሱበት ቦታ ለመመለስ ገንዘብ መክፈል። እናቴ ብትኖር «ጎማ እየሸጥሽ ጎማ ታቃጥያለሽ?» ትለኝ ነበር። አዎ። ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሑድ፣ ማርች 16

የበላሁት ቋሊማ አልወርድ ብሎኛል። ቋሊማው አይደለም።

ጠዋቱ ጥሩ ነበር። ጤዛ፣ ብርድ፣ የተሰለፉ መኪኖች። የክለቡ ጸሐፊ ግሌንዳ እንደ ሁልጊዜው ሣጥን ላይ ቆማ ደንቡን አነበበች። ማለፍ የሚቻለው ቀጥታው መንገድ ላይ ብቻ። ያውም ከፊት ያለው ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚታለፍበትን ጎን ካሳየ። ማንም ማንን ቢገጭ እያንዳንዱ የራሱን መኪና ከራሱ ኪስ ያሠራል። ጥፋተኛው ከክለቡ ይባረራል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ዳሚየን ስልኩን ይነካካ ነበር።

ዳሚየን ቁፋሮ ነው ሥራው። ዐሥራ ስምንት ፒካፕ አለው፣ የሁሉም ጎማ ከእኛ ሱቅ ነው። ከገቢያችን ሲሶው እሱ ነው ብል አልዋሸሁም። አዲሷ መኪናው ፈጣን ናት። እሱ ግን ፈጣን አይደለም፤ ችኩል ነው። ይለያያል።

ሊንዚ አጠገቤ ቆሞ ከቴርሞሱ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሰባ ሦስት ዓመቱ። ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የክለቡን ግማሽ ልጆች ሳሉ አመላልሷል፣ ዳሚየንንም ጨምሮ። «ያኔም ከኋላ ወንበር ተነስቶ ቀድሞ ለመውረድ ሕፃናቱን ይረግጥ ነበር» አለኝ። ሳቅን።

ከምሳ በኋላ ነው የሆነው። ከፊት ሊንዚ በቡናማ አሮጌ መኪናው፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከኋላዬ ዳሚየን መብራቱን እያበራ እያጠፋ። ቀጥታው ላይ እጄን አውጥቼ አሳለፍኩት። ሂድልኝ። ሄዶ ከሊንዚ ኋላ ተለጠፈ። ሊንዚም እጁን አወጣ። መሪው በቀኝ በኩል ነውና በቀኝ መስኮት፣ እስከ ክርኑ፣ ጣቱ ወደ ቀኝ። ጥርት አድርጌ አየሁ። በቀኝ እለፍ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ዳሚየን በቀኝ አልሄደም። ቀጥታው አልቆ ሊንዚ ወደ ግራ መታጠፍ ሲጀምር በግራ፣ በውስጥ በኩል ዘው አለ። የኋላ ፓራፋንጎውን መታው። ቡናማዋ መኪና ተሽከርክራ አጥሩ ውስጥ በጎኗ ገባች። አጥሩ የአሮጌ ጎማ ክምር ነው። ከሱቅ ጭኜ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ።

ቀይ ሰንደቅ ወጣ። ሁሉም ቆመ። ዳሚየን ወረደ። ወደ ሊንዚ አልሄደም! የራሱ መኪና ፊት ተንበረከከ፣ አውራ ጣቱ ላይ እንትፍ አለ፣ ከፓራውልቱ ላይ የሊንዚን ቡናማ ቀለም ማሸት ጀመረ። ሰውዬው ይሙት ይኑር ገና ሳያውቅ... ያቺ ጣት ናት ሆዴ ውስጥ ያለችው።

ሊንዚ ጋ ሮጥኩ። መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል።

«ጃኒን፣ ጎማዎችሽ ጥሩ ናቸው» አለኝ። «ይሄኛው የኔ የድሮው ሳይሆን አይቀርም።»

የመኪናዋ የግራ በር ተጨረማምቷል፣ የኋላ ቸርኬው ተጣሟል። አካሉ ደህና ነው።

ከዚያ ድንኳኑ ሥር፣ ቋሊማ መጥበሻው አጠገብ፣ ሁሉም ባለበት፦

«እጅ የሚባል ነገር አላየሁም» አለ ዳሚየን። «ሽማግሌው ተኝቷል። እላዬ ላይ መጣብኝ። ዕድሜው እኮ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ሁላችንም እንወደዋለን...»

ካሜራውስ? መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀርጽ ካሜራ አለው። ዛሬ አልበራም አለ። ሰንደቅ ያዡም ሌላ ወገን ነበር የማየው አለ። የክለቡ አባል ፊል የተመልካቹን አጥር ተደግፎ ሲያይ ነበር፤ ጥያቄው ወደ እሱ ሲዞር ሰናፍጭ ፍለጋ ሄደ።

ግሌንዳ ወደ እኔ ዞረች። «ጃኒን፣ ከኋላቸው አንቺ ነበርሽ።»

ዳሚየን ቀደመኝ። «እሷ ሩቅ ነበረች። አይደል እንዴ ጃኒን?»

እኔስ ምን አልኩ? «ሐሙስ በኮሚቴው ስብሰባ እናገራለሁ።» እንዲህ ነው ያልኩት። ዋጋ ሳልሰማ አልሸጥም እንደሚል ነጋዴ። ሊንዚ ሰምቶኛል። ሻዩን ደፋው።

ሰኞ፣ ማርች 17

ገበሬው መጣ። አራት ጎማ ገዛ።

ዳሚየንም መጣ። ትኩስ የሥጋ ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ፣ በካርቶን ይዞ። «እህቴ!» እያለ። መቼ ነው እህቱ የሆንኩት? እስከ ትናንት «አንቺ ጎማዋ» ነበርኩ።

«ክረምት ሳይገባ የዐሥራ ስምንቱንም ፒካፕ ጎማ ልቀይር ነው» አለኝ። «ሙሉ በሙሉ። ሌላ ቦታ ዋጋ አልጠይቅም።»

«ጥሩ።»

«ሐሙስ ደግሞ... ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም። ሩቅ ነበርኩ፣ አላየሁም፣ በቃ። ለራሱ ለሊንዚም ይሻለዋል። አንድ ቀን ሰው ይገድላል።»

«ሊንዚ ነው ሰው የሚገድለው?»

«አትቀልጂ።» ሳቀ። ጥርሱ መሃል ሥጋ ነበር። ሲወጣ ክርኔን ነካ አደረገኝ። ታጠብኩ።

ረስ ከፓዩ ሁለት በላ። ሌላውን ለውሾች ሰጠሁት።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ረስ ጎማ ባላንስ እያደረገ፣ ቀና ሳይል፦

«ዐይንሽ አይቷል እንበል። አፍሽ የግድ መናገር አለበት?»

«እጁን አውጥቶ ነበር ረስ።»

«አውቃለሁ። ሊንዚ በሕይወቱ እጁን ሳያወጣ ታጥፎ አያውቅም፣ በእግሩም ሲሄድ። እኔ የምለው ስለ ሱቃችን ነው። ዳሚየን ከሄደ ሁለተኛውን ሠራተኛ እናሰናብታለን። ክለብ እኮ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም። ጨዋታ ነው።»

ጨዋታ። ይሄን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት ከእሑድ ወዲህ። ሰው ሲዋሽ ጨዋታ ነው፤ ሰው ሲባረር ደንብ ነው።

ረስ ግን አልተሳሳተም። ሂሳቡ ትክክል ነው። ሠርቼ አየሁት። ደግሜም ሠራሁት። ያስጠላኝ እሱ ነው መሰለኝ... ደግሜ መሥራቴ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ሊንዚ ቤት ሄድኩ። መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ በክሪክ አንስቷታል። ቸርኬውን አውልቆ፣ በሩን በእንጨት መዶሻ ከውስጥ ቀስ እያለ ይመታል። ስለ ሐሙስ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀም። ብስኩት አቀረበልኝ።

በመጨረሻ እኔው አነሳሁት። ቢያባርሩህ ምን ታደርጋለህ?

«ሐኪሙ ጨው ከለከለኝ» አለ። «ልጄ መሰላል መውጣት ከለከለችኝ። እሺ አልኩ። ባለፈው ዓመት ደግሞ በጨለማ አትንዳ አሉኝ፣ እሺ አልኩ። እዚያ ሜዳ ላይ ስሆን ግን... ማንም ከኋላዬ ተቀምጦ አይጮህም፣ ማንም አያስመልሰውም፣ ማንም ቦርሳውን አይረሳም። ሁለተኛውን መታጠፊያ በደንብ ስይዘው ለብቻዬ እዘፍናለሁ።» መዶሻውን አየው። «ይቺን እሺ አልልም። ካባረሩኝ ግን ምን አደርጋለሁ? ሌላ ክለብ እንደኔ ያለ ሽማግሌ አዲስ አይቀበልም።»

«ዳሚየን ፓይ ይዞልኝ መጣ» አልኩት።

«የምን ፓይ?»

«የሥጋ።»

«ከየትኛው ዳቦ ቤት?»

ነገርኩት።

«እንግዲህ ስስታም ነው» አለ። መዶሻውን ቀጠለ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

የክለቡ አዳራሽ። ቀዝቃዛ። የምንጣፍ ሽታ። ኮሚቴው አምስት ሰው፣ ከፊታቸው የተቆራረጠ ኬክ። ሰው ሊያባርሩ ተሰብስበው ኬክ!

ዳሚየን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «በጣም ያሳዝነኛል» እያለ ጀመረ። የመጀመሪያውን መምህሩን ሊቀብር የመጣ ነው የሚመስለው። ሊንዚ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። እጄን አወጣሁ። በቀኝ አሳየሁ። በግራ መታኝ። ተቀመጠ።

«ጃኒን?»

ተነሳሁ። ረስ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ አልዞርኩም።

«ከዳሚየን ኋላ ነበርኩ። ሩቅ አልነበርኩም። የሊንዚ እጅ ወጥቷል፣ ወደ ቀኝ። ዳሚየን መታጠፊያው ውስጥ በግራ ገባ። ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሄደው ወደ ራሱ ፓራውልት ነው። ይሄንንም ከእኔ ሌላ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል።»

ፊል ጫማውን ያይ ነበር። እንዲህ የሚታይ ጫማ ምን ዓይነት ጫማ ነው?

ዳሚየን «ሰኞ ዕለት እኮ በጥሩ ዋጋ ተስማምተን ነበር» አለ። በሰው ሁሉ ፊት! ያለውን ራሱም የገባው ከጨረሰ በኋላ ነው። ጆሮው ቀላ። አንዲት ሴትዮ ከኋላ ሳቀች።

ኮሚቴው ወደ ማድ ቤት ገባ። ወጣ። ግሌንዳ ሳጥኗ ላይ አልቆመችም፤ ተቀምጣ አነበበች። ሊንዚ አይባረርም። ዳሚየን «ምክር አዘል ደብዳቤ» ይጻፍለታል። አይባረርም። «ለሁሉም ደህንነት ሲባል» ደግሞ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ አባል ከእያንዳንዱ የመንዳት ቀን በፊት የሐኪም ወረቀት ያመጣል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው አለች።

በክለቡ ከሰባ በላይ ያለው አንድ ሰው ነው።

የሜዳው አዲስ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ የሚቆፈረው በዳሚየን ማሽን ነው፣ በነፃ። ይሄን ማንም አላነሳም። ማንሳትም አላስፈለገም።

ውጭ ላይ ዳሚየን ደረሰብኝ። «አንቺ ጎሚስታ ነሽ። ማን ነው ዳኛ ያደረገሽ?»

«ጎሚስታ ነኝ። ፒካፖችህን ሌላ ጎሚስታ ጋ ውሰድ።»

እንደዚህ አልኩ። ሊንዚ ጨለማ ስለሆነ እኛ ነን ያደረስነው። ረስ እየነዳ። ሊንዚ ሲወርድ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ደህና እደሩ እንኳ አላለም።

ዓርብ፣ ማርች 21

ረስ አያናግረኝም። እኔም ሰውን አላናግርም።

ሰኞ፣ ማርች 24

የጠዋት ሽያጭ፦ ሁለት ጎማ። አንድ ጥገና።

የዳሚየን ሠራተኛ መጣ፣ እኛ ጋ ያስቀመጡትን መለዋወጫ ጎማ ሊጭን። ያሳዝናል ልጁ፤ ዓይኔን ማየት አቃተው። ረስ ወጥቶ ራሱ ጫነለት። ሲጨርስ፦

«ለአለቃህ ንገረው፣ የግራው የፊት ጎማ የሚበላበት መሪው ስለተበላሸ አይደለም። ግራ ግራውን ስለሚወድ ነው።»

ልጁ አልገባውም። እኔ ገባኝ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያው ቃሉ ነው፤ ለእኔ ባይሆንም።

ማታ ለእኔም ተናገረ። ሁለተኛውን ሠራተኛ አናሰናብትም፣ ቅዳሜ ከሰዓትም እንከፍታለን፣ እኔ እሠራለሁ አለ። እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ለግሌንዳ ደወልኩ። ለክለቡ አባላት እሰጥ የነበረው ቅናሽ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ሊንዚ ብቻ ሲቀር። ለአጥር የምሰጠው አሮጌ ጎማም ከእንግዲህ በክፍያ ነው።

«ጃኒን፣ ነገሩን የግል አታድርጊው» አለችኝ።

«የግል አይደለም። ደንብ ነው። ለሁሉም እኩል ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ሰዎቹን በየሱቁ፣ በየባንኩ አገኛቸዋለሁ፤ «አንቺ ደፋር ነሽ» ይሉኛል፣ በሹክሹክታ። ፊልም ብሎኛል። በሹክሹክታ ምን የሚሉት ምስጋና ነው?

ከዚያ ሊንዚ ደወለ። ከሐሙስ ወዲህ አልተነጋገርንም። አባልነቴን ልተው ነው፣ አንተም ተው፣ እነዚህ ሰዎች አይመጥኑህም ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። ጀመርኩለትም።

«ማን ይተዋል አለሽ?» አለኝ። «ወረቀቱን አመጣለሁ። በየወሩ ከፈለጉ በየወሩ። ግሌንዳ እጅ ላይ አስቀምጬ ሳጥኗ ላይ ወጥታ ጮክ ብላ እንድታነበው እጠይቃታለሁ። የደም ግፊቴን፣ የዐይኔን፣ የሆድ ድርቀቴን ሳይቀር። እስኪሰለቻቸው።»

«አያሳፍርህም?»

«እኔን?» አለ። «እኔ ምን አደረግኩ?»

እውነቱን ነው። ስሳቅ ራሴን ሰማሁት። የመጀመሪያዬ ነው ከዚያ እሑድ ወዲህ።

አባልነቴን አልተውኩም እንግዲህ። ደስታው ግን ሌላ ሆኗል። በሚቀጥለው የመንዳት ቀን ከኋላው እሆናለሁ፣ ካሜራም እገዛለሁ፣ ድንኳኑ ሥር ቋሊማ አልበላም።

ነገ፦ ሱቁን ረስ ይክፈት። ሊንዚን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ከምሳ በፊት። ስንመለስ አሮጌ መኪና ፈተው መለዋወጫ የሚሸጡት ጋ ጎራ ማለት፣ ለቡናማዋ የግራ የኋላ ፓራፋንጎ መጠየቅ። ቀለሙ የትኛውም ቢሆን።