ከኪኒኗ በቀር

መርሳ፣ መስከረም 2014 ዓ.ም.

ውድ ማርታ፣

ሰላምታውን ሳላስቀድም በቡርቱካን መጀመሬን አትቀየሚኝ፤ ታማለች። ያቺ የግድግዳ ተጋሪዬ፣ መድኃኒት ቤትሽ መጥታ ተራዋን ሳትጠብቅ «የኔን ኦሜፕራዞል» የምትልሽ። ልጆቿ ጦሩ ሳይገባ ወደ ኮምቦልቻ ወጥተዋል፤ ደህና ይሁኑ አይሁኑ የነገራት የለም። ባሏ ጋሼ ኑርሁሴን ጉልበታቸውን ቢያማቸውም አልሐምዱሊላህ ይንቀሳቀሳሉ። እሷ ግን አልቃለች። ያ አሲድ ማጥፊያ መድኃኒቷ ካለቀ ቆየ። አንቺ ወደ ደሴ ከወጣሽ ወዲህ ያንቺም ሱቅ በሩ ተሰብሯል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው። ዛሬ ጧት ያስመለሳት እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነበር አሉኝ ጋሼ ኑርሁሴን።

አሉኝ ያልኩሽ እኔ አጠገቧ ስላልነበርኩ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማን መጣ፣ ማን ምን አለ እያልኩ ሁለት ገጽ እሞላልሽ ነበር። አሁን የሚመጣ የለም። ስልኩ ከጠፋ፣ አውቶብሱ ከቀረ ወዲህ ፓፓያዬን ይዤ የምወጣበት መናኸሪያም ጭር ብሏል። ከጦሩ ይልቅ ግን ሰው ያስቀረብኝ ያ ያስመጣሽልኝ ጠርሙስ ነው።

ስንት ዓመት ጨጓራ ነው እየተባልኩ የአሲድ ማጥፊያ ስውጥ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ተልባ ያልጠጣሁበት ጧት አልነበረም። ምግቡ ግን አልወርድ ብሎ እንደ ድንጋይ ይቀመጥብኝ ነበር። ደሴ ሄጄ ሐኪሙ መርምሮ «የሆድሽ አሲድ በዝቶ ሳይሆን አንሶ ነው» ሲለኝ፣ መጥቼ ብነግርሽ ከልብሽ ሳቅሽ። «እሳቱ የጠፋ ምድጃ ላይ ውኃ ስናፈስ ኖርን በይኛ» አልሽ። ከዚያ ያዘዘልኝን አሲድ የሚጨምር ኪኒን አዲስ አበባ ካለችው እህትሽ አስመጣሽልኝ። ከምግብ ጋር ነው፣ ጥቂት ከጎረስሽ በኋላ ትውጫለሽ አልሽኝ። ጠርሙሱን ከእጅሽ ሳትለቂ ደግሞ፣ «ዘሀራ፣ ቁስል ላለበት ሆድ እንዳትሰጪ። ቁስል ላይ ሎሚ መጭመቅ ነው» አልሽ። እሺ አልኩ። ያኔ እሺ ማለት ቀላል ነበር።

መድኃኒቷ ያለቀ ሰሞን ቡርቱካን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መጣች።

«ያንቺን የጨጓራ ኪኒን አንድ ስጭኝ።»

«ያንቺ ቁስል ነው ቡርቴ፣ የኔ ሌላ ነው።»

«ያንቺም ጨጓራ፣ የኔም ጨጓራ። ጨጓራም ሀብታምና ድሃ አለው እንዴ?»

«ይሄ አሲድ የሚጨምር ነው። ወልድያ በቱቦ አይተው ቁስል አለሽ ብለውሻል። ይጎዳሻል።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሰው አሲዱን አጥፉልኝ ብሎ ይለምናል፤ አንቺ ጨምሩልኝ ብለሽ ገዛሽ። ስትዋሺኝ እንኳ ትንሽ አታስቢበትም?»

ጠርሙሱን አሳየኋት። ጽሕፈቱ እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ አታነብ፣ የኔም የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እዚያ አይደርስ። ተልባ ቆልቼ ወቅጬ በጥብጬ አቀረብኩላት። «ተልባው ለኔ፣ የውጭ አገሩ ላንቺ» አለችና ብርጭቆውን ሳትነካ ወጣች።

አልፈርድባትም። እኛ ሰፈር ኪኒን እንደ ጨው ነው። ራሱን ያመመው ከጎረቤት ተቀብሎ ይውጣል፣ የተረፈውን ለሚቀጥለው በሽተኛ ያስቀምጣል። አንቺም በዚህ ስትቆጪን ኖረሻል። የለም ያለ ሞልቷል፤ እያለው እንቢ ያለ ግን ከኔ በፊት አልታየም። ውኃ ስንቀዳ ጎረቤታችን ታደለች እኔ እየሰማሁ፣ «ከባድ መሣሪያውስ ቢያንስ ሲመጣ ይጮሃል፤ ጎረቤት ነው እንጂ ዝም ብሎ የሚገድል» አለች። ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ የሚያንኳኳ የለም።

የባቄላ ንፍሮዬን ብቻዬን እበላለሁ። ጥቂት እጎርስና እንዳልሽኝ ኪኒኗን እውጣለሁ። ከግድግዳው ማዶ ስታቃስት ስሰማ እጄ ሳህኑ ላይ ይቀራል። አንዷን ብሰጣት ስንት ነገር በቀረልኝ እላለሁ። አንድ ቀንማ መዳፌ ውስጥ ይዤ እስከ በሯ ሄጄ ነበር። የሎሚው ነገር መለሰኝ።

ነገ ጧት በቃሬዛ ይዘዋት ይወጣሉ። አስፋልቱ ስለማይሆን በተራራው ዞረው፣ ውርጌሳን አልፈው ሐይቅ፣ ከዚያ መኪና ከተገኘ አንቺ ወዳለሽበት ደሴ። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መንገድ የሚወጣ ሰው ከጎረቤቱ አውፍ ሳይባባል፣ የበደለውን ይቅር ሳይልና ሳይባል አይወጣም። ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰዉ እየገባ ወጣ። እኔን የጠራኝ አልነበረም፤ ሳልጠራ መጨረሻ ላይ ገባሁ።

«አውፍ በይኝ ቡርቴ» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። «ደጃፌ ላይ የደፋሽውን እጣቢ አውፍ። ዶሮዬን በድንጋይ ያልሽበትን አውፍ። በልጄ ሠርግ ወጡ ቀጠነ ብለሽ ያማሽኝንም አውፍ።»

«በቃ ሁሉንም በያት» አሉ ጋሼ ኑርሁሴን።

«ከኪኒኗ በቀር» አለች። «በሷ አኺራ፣ አላህ ፊት እንነጋገራለን።»

ታደለች ሳቀች። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቆሜ ቀረሁ። ከነገ ጀምሮ ማቃሰቷም አይሰማኝም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን፣ ይቅር ሳትለኝ ሐቋን ይዛብኝ ሄደች ማለት ነው፤ ያውም ክፉ እንዳይነካት ብዬ ባደረግኩት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ ጋሼ ኑርሁሴን ናቸው። «ለሷ አልነግራትም፤ ከሰማች ከቃሬዛው ወርዳ በእግሯ ትመለሳለች» ብለውኛል። ማርታዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ አድርሻት፤ ወሬው ይቆይ። ስትረጋ አጠገቧ ቁጭ በይና ያች ኪኒን ምን እንደሆነች ባንቺ አፍ ንገሪያት፤ ያንቺን ታምናለች። ዘሀራ አልቅሳለች እንዳትያት፤ ደስ ይላታል። አውፍ በያት ብለሽም እንዳትለምኛት። ነግረሻት ዝም በይ፣ የምትለውን ትበል።

አውፍ የሚል ከአፏ ከወጣ፣ ወደዚህ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ንገሪ፤ አንዱ ያደርስልኛል። ካልወጣም መዳኗን ብቻ ላኪልኝ። በሕይወት ካለች፣ እስከ አኺራ ብትቀየመኝ እችለዋለሁ።

ኢንሻአላህ በደህና ያገናኘን፣

ዘሀራ