ከምድር ቤቱ ላውንድሪ እስከ ስምንቱ ዛፎች

እናታችን ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው ከዛሬ ሰባ ሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ያደጉት ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስለነበር፣ አያታችን ጨርቅ ለመቁረጥ ወለሉን ሲፈልጉት ልጆቹን በሙሉ “ውጡና አየር ተቀበሉ!” እያሉ ወደ መናፈሻው ይሰዷቸው ነበር። እናታችን መናፈሻ የለመዱት ከቤት እየተባረሩ መሆኑን ሲናገሩ በኩራት ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለው አጠናቀዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን እንደማይሆንላቸው መምህራቸው በካርዳቸው ላይ ጽፈውባቸዋል። በሃያ ሁለት ዓመታቸው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የላውንድሪ ክፍል በልብስ መተኮስ ሥራ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው አገልግለዋል። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሐል አንሶላ ሲተኩሱ ይውሉና፣ ውጭው ዝናብ ይሁን ፀሐይ የሚያውቁት በደረጃው የሚወርደውን ሰው ጫማ አይተው ነበር።

የምሳ ሰዓታቸው አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ከሆስፒታሉ እስከ መናፈሻው ስድስት ደቂቃ ያስኬዳል፤ እሳቸው በአራት ይደርሱ ነበር። ኩሬው አጠገብ፣ ግንዱ ጎበጥ ያለ ትልቅ ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ምሳቸውን በልተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንጋጠው ቅጠል ያያሉ። ወንበሩ ሞልቶ ካገኙትም “እስቲ ጠጋ በሉልኝ” ብለው ለአራት ሰው በተሠራው ላይ አምስተኛ ሆነው ይቀመጣሉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው “ባለወንበሯ” ይሏቸው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የሆነውን ነገር ሳንናገር ብናልፈው ደስ ይላቸው ነበር። ነገሩ ባይሆን ግን እኛም አንወለድም ነበርና ይቅር ይበሉን።

በላውንድሪው ደንብ ቀይ ቀለም የተቀባ ከረጢት በጽኑ የታመመ ሰው ልብስ ያለበት ነው። ለብቻው ይቀቀላል፣ ለብቻው ይተኮሳል፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይታያል። እናታችን አንድ ቀን ለምሳ ሲወጡ የሚወዱት ዛፍ ግንዱ ዙሪያውን ቀይ ተቀብቶ አገኙት። ታሞ ሕክምና ታዘዘለት ብለው አሰቡና ደስ አላቸው። ወዲያው ግን በተርታ የቆሙት ሌሎች ሰባት ዛፎች ምልክት እንደሌላቸው አዩ። ምልክት የሌለውን ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው ከሥራቸው ያውቃሉ። በማግስቱ የላውንድሪውን ቀይ ቀለም በጣሳ ይዘው መጡ፤ ምሳቸውን ትተው ሰባቱንም ቀቧቸው። መስመሩ ቀጥ ያለና ንጹሕ እንደነበር አባታችን እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

በሦስተኛው ቀን መጋዝ የያዙ ሠራተኞች መጡ። እናታችን ዳቦ እያኘኩ ምን ሊሠሩ እንደሆነ ጠየቁ። አለቅየው ቀና ሳይሉ “ቀይ የተቀባው በሙሉ ይቆረጣል” አሏቸው።

እናታችን ዳቦውን ወንበሩ ላይ ጣሉት። ያንን ቀን ሲያስታውሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ በገዛ እጃቸው ሰባት ዛፍ ሊያስገድሉ ነበርና። ተነሥተው መጋዙ ፊት ቆሙና “ሰባቱን የቀባኋቸው እኔ ነኝ!” አሉ። አለቅየው ሥራ የፈታች ሴት መስለዋቸው ዞር እንዲሉ አዘዟቸው። እናታችን ጣቶቻቸውን ዘረጉ፤ ከጥፍራቸው ሥር ቀዩ አልለቀቀም ነበር። በጩኸቱ የመናፈሻው አትክልተኛ የሚቆረጡትን ዛፎች ዝርዝር ይዘው መጡ። ዝርዝሩ ላይ የነበረው አንድ ዛፍ ብቻ ነው።

ሰባቱ ተረፉ። እናታችን ግን ወደ ሥራቸው አልተመለሱም፤ ለስምንተኛው መለመን ጀመሩ። አትክልተኛው ግንዱ መሰንጠቁን፣ ነፋስ ከመጣ ሰው ላይ እንደሚወድቅ አስረዷቸው። እሳቸው በበኩላቸው በሆስፒታሉ በትኩሳት ለወደቀ ሰው እንኳ ቶሎ ተስፋ እንደማይቆረጥ አስረዷቸው። በመጨረሻ አትክልተኛው አንድ ዓመት ሰጡት። ግንዱ በብረት ቀበቶ ታሰረ፤ ብረቱ ቅርፊቱን እንዳይበላው እናታችን ከሆስፒታሉ የተጣሉ አንሶላዎች ለምነው ከሥሩ ጠቀለሉለት። በዚያን ቀን ሁለት ሰዓት አርፍደው ስለገቡ የተጻፈባቸው ማስጠንቀቂያ በሥራ ዘመናቸው ብቸኛው ነው። ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጠውት አግኝተናል።

ከዓመት በኋላ ዛፉ አቆጠቆጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ አትክልተኛውና እናታችን በጋብቻ ተሳሰሩ። የሠርጉ ፎቶ የተነሣው እዚያው ሥር ነው፤ አባታችን በፎቶው ላይ የሚያዩት ሙሽሪትን ሳይሆን ቅርንጫፉን ነው። እናታችን ይህን ለአርባ አራት ዓመት አልተውላቸውም።

ሦስት ልጆች አፍርተዋል። የኖርነው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳ በሌለው ሁለት ክፍል ውስጥ ቢሆንም ጠቦን አያውቅም። እናታችን መናፈሻውን “ሳሎናችን” ይሉት ነበር። ፊደል የቆጠርነውም፣ ብስክሌት የተማርነውም፣ ተጣልተን የታረቅነውም እዚያ ነው። እንከን አልነበራቸውም ብለን አንዋሽም። ወፍ መመገብ ክልክል ነው ከሚለው ሰሌዳ ሥር ቆመው ወፍ ይመግቡ ነበር፤ ከጥበቃው ጋርም በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። ጥበቃው ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው እያለቀሱ ነው።

በሰባ ዓመታቸው ልባቸው መድከሙ ታወቀ። ሐኪሙ ሦስት ወር እንደቀራቸው ለእኛ ብቻ ነገሩን። ልንደብቃቸው ሞከርን፤ እሳቸው ግን ፊታችንን አይተው “ሐኪሙ ቀይ ቀባኝ በሉኛ!” ብለው ሳቁ። አንድ ዓመት የተሰጠው ዛፍ በዚያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቱን ይዞ ነበር። እሳቸውም ሦስት ወር ተብለው ሁለት ዓመት ኖሩ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋን ስንወስዳቸው ከዛፉ ሥር እንደደረስን ጫማቸውን እንድናወልቅላቸው ያዝዙን ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በመኝታቸው፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የአባታችንን እጅ እንደያዙ ዐረፉ። በጣም ናፍቀውናል።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውን እና ዛሬም የቆሙትን ስምንት ዛፎች ትተውልን ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በለመለመ ስፍራ፣ በጥላ ሥር ያሳርፍልን። ቀድማችኋቸው እዚያ የደረሳችሁ ወገኖቻችን ሆይ፣ እናታችን መጥተዋልና እባካችሁ ጠጋ በሉላቸው።