በልጄ ልቅሶ ላይ እልል ያልኩበት ቀን

ለምወድህ ወንድሜ ለክንዴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? የራሄልስ ወገቧ ተሻላት? ልጆቹስ አደጉ? የጅማ ዝናብ ለደረትህ አይስማማምና ልብስ ደርብ። እኔ እህትህ ፀሐይነሽ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ በአካል ደህና ነኝ። ልቤን ግን አትጠይቀኝ።

ክንዴ፣ አሸነፍኩት! በሬዬን ዳልቻን ሰርቆ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲክድ የከረመው ያ ደጉ የሚሉት ሌባ በሰው ፊት ተዋረደ። እሰይ! አንተ "እታለም፣ የልጅሽ፣ የልደት፣ አማት ነው፣ ለትዳሯ ስትይ ተይው" ብለኸኝ ነበር። እንግሊዞች እንዲህ ላለው ድል "ፒሪክ ቪክትሪ" የሚል ስም አላቸው፤ አንድ ንጉሥ ጦሩን አስጨርሶ አሸንፎ "እንዲህ ያለ ድል ከደገምኩማ አለቀልኝ" አለ ብለህም ጽፈህልኝ ነበር። ስቄ ተውኩት። ንጉሡ በሬ አልተሰረቀበትም!

ሽማግሌዎቹ ምስክር ቢያጡ "እንግዲያው የቤቱ ሰው በሙሉ ከሚካኤል ደጅ ይማል" ያልኩት እኔው ነኝ። ልደትን ከእኛ ወገን ቆጥሬያት እኮ ነው! እነሱ ግን ምራቱ ናት፣ የዚያ ቤት ሰው ናት ብለው አሰለፏት። ደጉ ማለ። ልጁ ማርቆስ፣ የልደት ባል፣ እሱም ማለ። ቀጥሎ "በሬውን ከጓሯችን ታስሮ አይቻለሁ፤ በሐሰት አልምልም" የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። የማን መሆኑን ልብ ሳልል እልል አልኩ። ሰው ገለል ሲል ልደት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ዳልቻ ተመለሰ። ልደትም ተመለሰች። ማርቆስ ጡት ያልጣለ ልጇን ነጥቆ የዚያኑ ቀን አባረራት። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነውና ሕፃኑ ሲያለቅስ እኛ ቤት ይሰማል፤ ያን ጊዜ ወተቷ ቀሚሷን ያርሰዋል።

ደጉ ትናንት ሽማግሌ ልኮ "ፀሐይነሽ በዚያው ደጅ ይቅርታ ትጠይቀኝና ልጁን እሰጣለሁ" አለ። ለሌባ? ሞቼ ነው! ነገ ሰኞ ወገዳ ፍርድ ቤት ወርጄ እከሰዋለሁ፤ ዓመትም ይፍጅ፣ ሕፃኑን በፖሊስ አስነጥቄው አንጀቴ ይራስ። ንጉሥህ መድገሙን ፈርቷል፤ እኔ ልደግመው ነው።

ባለቤቴ አንዳርጌ ሰላም ብሎሃል። ለራሄል፣ ለልጆቹ ለያሬድና ለሀና ጉንጫቸውን ስሜያለሁ በልልኝ። ልደት ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም። ሰላም ብላሃለች ብዬ በስሟ አልዋሽም፤ ልጅቷ ሐሰት አትወድም።

እህትህ ፀሐይነሽ
ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲህ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.