ከአባዬ ጀርባ የጨመርኩት ጨው

ጥቅምት 4
ተመርቆ ቤት መዋል መጨረሻው መቼ ነው? ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ዛሬም ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜ ተመለስኩ። «የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ።» ከየት አምጥቼ?

አባዬም ጡረታ ከወጣ ወር ሆነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት... አሁን መስኮት ስር ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ሁለት ሥራ ፈት በአንድ ቤት!

በመጨረሻ የያዝኩትን ሐሳብ አወጣሁት። «አባዬ፣ ምሳ እየሠራን ለሠራተኞች ብናደርስስ? አንተ ታበስላለህ፣ እኔ አደርሳለሁ።»
«ለስንት ሰው?»
«ለመነሻ አሥራ ሁለት።»
«ለሦስት መቶ በይኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራልሻለሁ። የአሥራ ሁለትማ ጭልፋዬ ላይ ይቀራል።»
ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ጥቅምት 11
የመጀመሪያው ቀን። የምስር ሾርባ፣ ሩዝ በካሮት፣ ዶሮ። አባዬ ነጭ ጋውኑን ተኩሶ ለበሰ። ቀምሶ «ልክ ነው» አለ። እኔ ከጥድፊያዬ ብዛት ሳልቀምስ ይዤ ወደ መጀመሪያ ደንበኞቻችን፣ ወደ ሰፈራችን ልብስ ስፌት ቤት በረርኩ።

የሰፊዎቹ አለቃ አንዴ ጎረሰችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የኔ እህት፣ ማነው የታመመው?»
ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀመስኩት... ጨው የሚባል የለውም። የአባዬ እጅ የበሽተኛ ልክ ለምዶ ቀርቷል።

ቤት ስደርስ በር ላይ ቆሟል። «እህ? ምን አሉ?»
«ወደዱት።»
ምን ልበል?

ጥቅምት 12
አባዬ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ድስቱ ላይ ጨው ጨመርኩ። አማስዬ ከደንኩ። በገዛ ቤቴ ሌባ...

ጥቅምት 19
ሃያ ሰው ደረስን። ከሰፊዎቹ አጠገብ ያለው ማተሚያ ቤትም ደንበኛችን ሆነ። አለቃዋ ባየችኝ ቁጥር «በሽተኛው ዳነ!» ትላለች።

አባዬ ጠዋት ጠዋት ያፏጫል። «አየሽ፣ እጄ አልረሳም» ይለኛል። ልንገረው? ብነግረው ተመልሶ መስኮቱ ስር አይቀመጥም?

ጥቅምት 22
አንዷ ሰፊ ስለቀረች ምሳዋ ተመለሰ። አባዬ ራሱ ሊበላው ከፈተው። ልከለክለው ስል ጎረሰ።

ማንኪያውን አስቀመጠ።
«ይሄ የኔ እጅ አይደለም። ከመቼ ጀምሮ?»
«ከሁለተኛው ቀን። አባዬ፣ እነሱ እኮ ጤነኞች ናቸው...»
«ጠይቀሻቸዋል?»
አልጠየቅኩም።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን ከድኖ እጁን እያየ አወራ። «ሥራ በገባሁ በዓመቱ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ለመኑኝ። ‹ልጄ፣ አፌ ሞተ፣ ትንሽ ጣል አድርግልኝ› አሉ። አሳዘኑኝ፣ ቆንጥሬ ጨመርኩ። በማግስቱ አልጋቸው ባዶ ነበር። በሱ ይሁን በሌላ... ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ጨው ነክቼ አላውቅም።»

ሠላሳ ዓመት ለማንም ሳይናገር። እኔ ደግሞ ልማድ መስሎኝ...

ጥቅምት 23
ምሳ የለም። ለሰፊዎቹ «አባቴን ትንሽ አሞት ነው» አልኩ። ሌላ ውሸት። አለቃዋ አልቀለደችም። «እንጠብቃለን በያቸው።»

ጥቅምት 24
አባዬ ከመስኮቱ ሳይዞር፦ «ሂጂና አንድ በአንድ ጠይቂ። ጨው የተከለከለ ካለ።»
ሃያውንም ጠየቅኩ። አንድ ሰው ብቻ... የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ፣ የደም ግፊት አለባቸው። ለካ እኔም ሳላውቅ ጨው ሳበላቸው ነበር! እሳቸው ግን «ጣፍጦኝ ነው ዝም ያልኩት» ብለው ሳቁ።

ጥቅምት 25
የሽንኩርት መክተፊያው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ትንሿ ድስት ለዘበኛው ለብቻዋ ተጥዳለች። አባዬ ትልቁ ድስት ላይ የጨው ዕቃ ይዞ ቆሟል። ቆነጠረ። ግማሹን ዕቃው ውስጥ መለሰ፣ የቀረውን ጨመረ። አማሰለና ማንኪያውን ዘረጋልኝ።

«እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ በላተኛ ቅመሺ።»
ቀመስኩ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው። «ጣፍጧል» ማለት እንዴት ቀላል ነበር...
«አነሰው፣ አባዬ።»
በረጅሙ ተነፈሰ። እንደገና ቆንጥሮ ጨመረ።
«አሁንስ?»