ከደጃፍ እስከ ፖስታ ቤት

ልጄ ትርሲት፣ በሰው አገር መውጫ መግቢያሽን አምላክ ይጠብቅልሽ። የፈረንሳይዋ ሊዮን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ጅቡቲ ሙቀቱ ዘንድሮ ብሶበታል።

በስልክ ደብቄሽ ነበር። ከካርቲየ 6 ሰፈር ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልቤ ደረቴን ሊያፈርሰው ደረሰ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሞትኩ አልኩ። ሐኪሙ መርምሮኝ «ልብዎ ጤነኛ ነው፤ ይሄ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ነው» አለኝ። አላመንኩትም። አውቶቡሱን ተውኩ። ቀጥሎ ገበያ ላይ መጣብኝ፤ ገበያውንም ተውኩ። ከቤተ ክርስቲያንም ቀረሁ። አሁን ጫማዬን ሳደርግ ይጀምረኛል። ጎረቤታችን ዙለይካ ሽንኩርቱንም ዘይቱንም ታመጣልኛለች፤ መውጣት አያስፈልገኝም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ሐኪሙ ስደውልለት «በሸሹት ቁጥር ይከተልዎታል። ሲመጣብዎ ቆመው ያሳልፉት፤ አይገድልም» ይለኛል። ለልጅዎ ደብዳቤ ይጻፉና ራስዎ ፖስታ ቤት ያድርሱት ብሎ አዘዘኝ። እስከዚህ ከጻፍኩ አራት ቀኔ ነው። ሦስቴ ከበር ተመልሻለሁ።

ነገ እንደገና እሞክራለሁ። ካቃተኝ ዙለይካ ታደርሰዋለች፤ ከፖስታው ጀርባ ስሟን እንድትጽፍ ነግሬአታለሁ።

ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እባክሽ ጀርባውን አገላብጠሽ እዪልኝ። ባዶ ከሆነ እልል በይ። ስሟ ካለበት ግን ደውለሽ ደህና ነሽ ወይ አትበይኝ፤ እንደምንም ብለሽ ነይልኝ።

እናትሽ ዘቢደር