ሳይጠሩ የመጡ ማጣቀሻዎች

ውድ ቀንድ አውጣዬ፣

አትቆጪ። ልጅ ሳለሽ ጫማሽን አስረሽ እስክትጨርሺ ሁላችንም በር ላይ ተገትረን ስንጠብቅሽ ያወጣሁልሽ ስም ነው። አድገሽ ደግሞ ስለ ቀንድ አውጣ ቅርፊት መስመሮች ጽፈሽ ዶክተር ተባልሽ። ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው?

የመጽሔቱን ቢሮ ቁልፍሽን ጠረጴዛው ላይ ጥለሽ አዘጋጅነቱን ከተውሽ ወዲህ እናትሽ ቤት ተኝተሽ ጣራ ጣራውን እንደምታዪ ሰምቻለሁ። እህቴ ምስጢር አይበረክትላትም።

ዳይሬክተሩ ያንን ሐሳቡን አልተወም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣናቸውን ጽሑፎች ዘንድሮ የጠቀሰ ሰው ጥቂት ስለሆነ የመጽሔታችን ውጤት ወርዷል፤ እንግዲያው ራሳችን ራሳችንን እንጥቀስ ነው ነገሩ። አንቺ ስብሰባው ላይ ያልሽው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «የምናወጣው የንድፈ ሐሳብ ሥነ ሕይወት ነው። ሐሳቡን የሚፈትን ሰው መጀመሪያ እንስሳውን ማርባት አለበት። በሁለት ዓመት ማን ይደርሳል?» ሰሚ አላገኘሽም። ያንቺ የቀንድ አውጣ ጽሑፍ ራሱ መጠቀስ የጀመረው ሰው ሁሉ ከረሳው በኋላ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ሙያውን ያለ አስተማሪ እየነካካሁ የለመድኩ ገጽ አቀናባሪ ስለሆንኩ ብዙ የማልጠይቅ መስሎታል።

«ጋሼ፣ እነዚህን የኛን ጽሑፎች በአዲሱ እትም አራት ጽሑፎች ማጣቀሻ ውስጥ ሰካ ሰካ ያድርጓቸው።»

«ጸሐፊዎቹ ያውቃሉ?»

«ከታተመ በኋላ ያዩታል።»

«ሙሽራው ሳያውቅ እንግዳ መጥራት አይሆንም?»

«ጋሼ፣ ቀልዱን ይተዉት! መጽሔቱ ሊዘጋ ነው!»

አጎትሽ ታዛዥ ሰው አይደል? ሰካሁ። ግን ያንቺን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ጸሐፊው ለኅትመት የተዘጋጀውን ጽሑፉን አይቶ ሳይፈርም ምንም ነገር ማተሚያ ቤት አይሄድም። ስለዚህ የጨመርኳቸውን በቀይ አስምሬ ለአራቱም ላክሁ። ከሥሩም «እነዚህን እንግዶች እርስዎ ነዎት የጠሯቸው?» ብዬ ጻፍኩበት።

መልሱን ብታዪ! የጉንዳኗ ተመራማሪ «አላውቃቸውም፤ ያስወጡልኝ» አለች። ስለ ዓሣ መንጋ የጻፉት ሽማግሌ ደውለው ጆሮዬ እስኪጮህ ተቆጡና «አዘጋጇ የት ሄደች?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ለሌሎቹ ነገሩ። በማግስቱ አራቱም አንቺ ካልተመለስሽ ጽሑፋቸውን ከመጽሔቱ እንደሚያነሱ ጻፉ።

ዳይሬክተሩ ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ።

«ማን ላኩ አለዎት?»

«ደንቡ።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«የእህቴ ልጅ።»

አራቱ ጽሑፎች ከተነሱ እትም እንደማይኖረው ገባው። እንግዶቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ሳስወጣም ከጎኔ ቆሞ አየ።

አልዋሽሽም፤ ውጤቱ አሁንም ዝቅተኛ ነው፤ ለከርሞ ሊዘጉን ይችላሉ። ይዝጉና! ግን ሳይጠራ የገባ አንድም እንግዳ ሳይኖረን ይዝጉን። ያን ጊዜ ቢያንስ የተዘጋው መጽሔት የኛው ይሆናል።

ዳይሬክተሩ ስምሽን ከሽፋኑ ጀርባ እንዳነሳ አዞኝ ነበር። አላነሳሁትም። ቁልፍሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ገጾቹ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ ያንቺን ርዕሰ አንቀጽ እየጠበቀ ባዶውን ተቀምጧል። ለምን እምቢ እንዳልሽ ጻፊበት። ካልመጣሽ ባዶውን አሳትመዋለሁ፤ ከሥሩ ያንቺ ስም አለበት። ታውቂኛለሽ፣ አደርገዋለሁ።

በይ፣ ጫማሽን ማሰር ጀምሪ። በር ላይ ቆሜያለሁ።

ታዛዡ አጎትሽ